ቤትዎን ለሽያጭ ባወጡ በሳምንቱ ገዢ ቢመጣ፦ እሺ ማለት፣ መጠበቅ ወይስ መደራደር?

አክስቴ ሰሚት ያለውን ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየሟን ለመሸጥ የነገረችው ለአንድ ደላላ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ገዢ መጣ። እሷ 7 ሚሊዮን ብር ጠርታለች፤ ሰውየው 6.2 ሚሊዮን አለ። ስልኩን አውጥቶም "አሁኑኑ ቀብድ ላስገባ" አላት። በማግስቱ ደግሞ 6.8 ሚሊዮን የሚል መጣ። እሱ ግን የሚከፍለው በባንክ ብድር ነው። ማታ ደወለችልኝ። "አንተ ልጅ፣ የቱን ልያዝ? ወይስ ዝም ብዬ ልጠብቅ?"

ቤት የሚሸጥ ብዙ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። መንገዶቹን ጎን ለጎን እንያቸው።

ወዲያው እሺ ማለት

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ብሩ ቶሎ እጅ ይገባል። ቤቱን በየቀኑ ለሰው ከማሳየትም ይገላግላል። ብሩ ቀጠሮ ካለው፣ ለምሳሌ ሌላ ቤት ቀብድ ከፍለው ቀሪው የሚጠበቅብዎ ከሆነ፣ ትንሽ ጎድሎም ቢሆን የፈጠነው ሊሻል ይችላል።

አደጋው ቀብዱ ላይ ነው። ብዙ ሰው "ካልተስማማን እመልስለታለሁ" ብሎ ይቀበላል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 የሚለው ግን ሌላ ነው። የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አክስቴ ያን ቀን 500 ሺህ ብር ተቀብላ በማግስቱ "ለ6.8ቱ ልስጥ" ብትል ኖሮ 1 ሚሊዮን ብር ልትጠየቅ ትችል ነበር። ቀብድ ከያዙ በኋላ የሚመጣ የተሻለ ዋጋ የእርስዎ አይደለም።

ደላላው "ይህ ገዢ ካመለጠ ሌላ አይገኝም" እያለ ይወተውታት ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የተለመደው ኮሚሽን 2 በመቶ ነው። ዋጋው ከ6.2 ወደ 6.5 ሚሊዮን ከፍ ቢል ለእሱ የሚጨመርለት 6 ሺህ ብር ነው። ለአክስቴ ግን 300 ሺህ ብር ነው። እሱ ቶሎ ቢያልቅለት ይመርጣል፤ እሷ ግን አንድ ሳምንት ብትታገሥ ያዋጣታል።

ከፍ ያለው ዋጋ፣ በብድር

6.8 ከ6.2 ይበልጣል። ጥያቄው 6.8 ሚሊዮኑ በእርግጥ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። ባንኩ የሚያበድረው የራሱ መሐንዲስ ቤቱን በገመተው ዋጋ ተነስቶ ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ከገበያው ያንሳል፤ ልዩነቱን ገዢው ከኪሱ መሙላት አለበት። ሌላም አለ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የባንኮች ዓመታዊ የብድር እድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ወስኖ ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ "ብድሩ ደርሷል" ተብሎ ወራት የሚጠብቅ ገዢ ማየት የተለመደ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ገዢ ሁለት ነገር ይጠይቁት። ባንኩ ብድሩን መፍቀዱን የሚገልጽ ደብዳቤ አለህ? ከራስህ ስንት አለህ? የአክስቴ ገዢ ገና ማመልከቻ ማስገባቱ ነበር። ደብዳቤው በእጁ ቢሆን ኖሮ እኔም እሱን ያዢ እላት ነበር።

መጠበቅ

መጠበቅ የሚያዋጣው ምክንያት ሲኖረው ነው። አንዱ ምክንያት ወረቀት ነው። የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳ ካላለቀ፣ ካርታው ካልወጣ ወይም የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ካልተያዘ፣ ገዢ ስጋቱን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ያንን ጨርሶ መውጣት ይሻላል። ከዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ደግሞ እንዳይሸጥ የተከለከለበት 5 ዓመት ካልሞላው፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢያማልል ቀብድ አይንኩ። ሁለተኛው ምክንያት እንደ አክስቴ ለአንድ ደላላ ብቻ መናገር ነው። ገበያው ገና አላየውም።

ዝም ብሎ "ይጨምራል" ብሎ መቀመጥን ግን አልመክርም። ወራት የቆየ ቤት "ምን ሆኖ ነው ያልተሸጠው?" ያሰኛል። ሸጠው ክፍያውን መጠበቅም አደጋ አለው፤ የብሩ ዋጋ ራሱ ባለበት አይቆይም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ተደርጎ ብር ከዶላር አንጻር ሲወርድ፣ ቀድመው ዋጋ ቆርጠው ክፍያውን በዙር ሊቀበሉ የተስማሙ ሻጮች ምን እንደተሰማቸው አስቡት። በዙር ልክፈል የሚል ገዢ ሲመጣ ይህን ላስታውስዎ።

መደራደር

እኔ ያመንኩት በዚህ ነው። መደራደር ሲባል ግን ዋጋ መጎተት ብቻ አይደለም። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን ይችላል? ቤቱ መቼ ይለቀቃል? ቀሪው ብር በምን ይከፈላል? እነዚህም እንደ ዋጋው ብር ናቸው። የመርካቶ ነጋዴ የጠዋት ገዢውን ባዶ እጁን መመለስ አይወድም፤ ቤት ሻጭም የመጀመሪያውን ገዢ ማስቀየም የለበትም። "አይሆንም" ብሎ ስልክ ከመዝጋት ይልቅ የራስን ዋጋ፣ የራስን ሁኔታና ቀን ቆርጦ መንገር ይሻላል።

አክስቴ ለ6.2ቱ ገዢ እንዲህ አለችው። "6.5 ሚሊዮን። የስም ማዛወሪያው ወጪ በአንተ። ቀሪውን ውልና ማስረጃ በምንፈራረምበት ቀን በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ)። እኔ ደግሞ ቤቱን በ15 ቀን እለቅልሃለሁ። እስከ ዓርብ አሳውቀኝ።" ቤቱን በፍጥነት ማግኘቱ ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ የሚኖርበትን የኪራይ ቤት ልቀቅ ተብሏል። ይህን የሰማነው ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ቀን ስንጠይቀው ነው። ረቡዕ ማታ ደውሎ በ6.45 ሚሊዮን ተስማሙ።

ቀብዱን ግን ያን ዕለት አልተቀበለችም። በቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። አጎቴ ደግሞ ደሴ ነበር። ሐሙስ ገባ፤ ዓርብ ጠዋት ሁለቱም ፈረሙ።