ለኮካኒ «ሙሉ ስብስብ» እየተባለ የሚሸጠውን የዶጀር ሳጥን እንዳትገዙ

በሲያትልና በዙሪያዋ ኮካኒ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ ማጥመድ የጀመራችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ሳታነቡ ብር አትክፈሉ። እኔ 160 ዶላር ከፍያለሁ። ብሩ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። አምስት ቅዳሜ ሐይቅ ላይ ውዬ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ከእኔ በኋላ ደግሞ ሦስት ወዳጆቼ ያንኑ ሳጥን ከዚያው ሰው ገዝተው አገኘኋቸው። አንዱ ገና አገር የለመደ ልጅ ነው፤ ከደመወዙ ቆጥቦ ነው የገዛው። ያኔ ነው መጻፍ አለብኝ ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት መግቢያ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። 24 ዶጀርና ፍላሸር (ዓሣ የሚስቡ አብለጭላጭ ቁራጮች)፣ ሊደሩና መንጠቆው ታስሮለት፣ በሚያምር ሳጥን ተደርድሯል። «ፋብሪካ ላይ ተስተካክሎ የመጣ ነው፤ ውሃ ውስጥ መጣል ብቻ ነው የቀራችሁ» ይላል። ደወልኩ። ሰውየው ትሁት ነው፣ አማርኛ ተናጋሪ ነው፣ «ወንድሜ» እያለ ነው የሚያወራው። አንድ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ላይ ተገናኘን። ሳጥኑን ከፍቼ አየሁት። ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ብር የመሰለ። ዓይን ይማርካል። ብሩን በዜል፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክበት መንገድ፣ ላክሁለትና ተለያየን። ስንለያይ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ፦ «እንዳታጥፋቸው፤ ከተጣመሙ አልመልስም።» ያቺን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ለማታውቁት ዶጀር ማለት ከቆርቆሮ የተሠራ፣ እንደ ረጅም ማንኪያ ጎበጥ ያለ ቁራጭ ነው። ከዘንጋችሁ የሚመጣው ክር ፊቱ ላይ ይታሰራል። ከኋላው አጭር ክር አለ፤ ሊደር ይባላል፤ መንጠቆው ያለው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ጀልባው ቀስ ብሎ ሲጎትተው ዶጀሩ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ያብለጨልጫል፣ ውሃውን ይመታል፣ ኋላው ያለውን መንጠቆ እንደ ጅራፍ ወዲያና ወዲህ ይገርፈዋል።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ኮካኒ ወደ ባሕር የማይወርድ፣ ዕድሜውን ሐይቅ ውስጥ የሚጨርስ የሳካይ ሳልመን ነው። ቀለቡ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ትል ስለሰቀላችሁለት ርቦት አይመጣም። እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ ቆሮሶ በመረብ ነው የሚያዘው፤ አምባዛም ቢሆን ሥጋ ከሸተተው ይመጣል። ኮካኒ ግን ሌላ ጠባይ አለው። አንድ ነገር ሲያብለጨልጭና ሲንቀጠቀጥ ሲያይ ነው ተከትሎ የሚነክሰው። የቆዩ አጥማጆች ተናዶ ነው ይላሉ። እንግዲህ ዶጀሩ ካልተወዛወዘ መንጠቆው ሬሳ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ ልውሰዳችሁ። ሌክ ስቲቨንስ ነው፤ ከሲያትል በስተሰሜን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀልባችን ውሃ ላይ ነበረች። ሮዙን ዶጀር አሰርኩ። አራተኛው ቅዳሜ ነው፤ እስከዚያ ቀን አንድም አልነከሰም። እኔ ጥልቀቱ ነው፣ ቀለሙ ነው፣ ፀሐዩ ነው እያልኩ ሰበብ ስደረድር ነበር። የዚያን ቀን ግን ከእኛ በፊት ብዙ ዓመት ኮካኒ ያጠመዱ አንድ አባት አብረውን ነበሩ። «እስቲ ከመጣልህ በፊት ጀልባው ጎን ላይ ጎትተው፤ እንየው» አሉኝ።

ጎተትኩት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ዶጀሩ አይወዛወዝም። ጥቂት ዝም ብሎ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ድንገት እንደ ማራገቢያ ክብ ይሽከረከራል። አነሳሁት። ክሩ ተጠማዞ ተጠማዞ የራሱ ላይ ተጠቅልሏል። ማያያዣው ላይ ያለው ስዊቭል፣ ክሩ እንዳይጠማዘዝ መዞር ያለበት ቁራጭ፣ አንዴም አልዞረም። በጣቴ ላዞረው ሞከርኩ፤ ይነክሳል፣ ይቆማል። አራት ሳምንት የጎተትኩት ይህንን ነበር።

እሳቸው ከሳጥናቸው አንድ አሮጌ ዶጀር አወጡ። ብርማው ጠርዙ ላይ ተፍቋል፣ አያምርም። ጎን ላይ ጎተቱት። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። የዘንጉ ጫፍ እንደ ልብ ትርታ ዱብ ዱብ ይላል። «ይሄን ነው የምትፈልገው» አሉኝ። «የዘንጉ ጫፍ ካልመታ ዶጀርህ አይሠራም።»

ከዚያ የኔን ተቀበሉኝና በጣታቸው የጭራውን ጫፍ ትንሽ ጎበጥ አደረጉት። ዶጀር የሚስተካከለው እንዲህ ነው። ጎበጥ ባለ መጠን በዝግታ ስትሄዱም ይወዛወዛል። ዘርጋ ያለ ከሆነ ፈጠን ማለትን ይፈልጋል። በጣም ከጎበጠ መሽከርከር ይጀምራል። እያጠፉ፣ ውሃ ውስጥ እያዩ፣ መልሶ እያቃኑ ነው የሚደረስበት። ጥሩ ዶጀር ይህን ሁሉ ችሎ የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። የኔው ግን ከጣታቸው እንደለቀቁት ወደነበረበት ተመለሰ። ሲደግሙት ሮዙ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ጀልባው ላይ ወደቀ። ሥሩ ያለው ቆርቆሮ ስስ ነው፣ የጣሳ ክዳን ይመስላል። «እንዳታጥፋቸው» የተባልኩት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ካላጠፋችሁት አይሠራም። ካጠፋችሁት ሻጩ አይመልስላችሁም። ወጥመዱ ይኸው ነው።

ቤት ገብቼ ሳጥኑን በሙሉ አንድ በአንድ መረመርኩት። ከ24ቱ ዘጠኙ 8 ኢንችና ከዚያ በላይ ናቸው። እነዚህ ለኮካኒ አይደሉም። ትልልቆቹ ፍላሸሮች ባሕር ላይ ለቺኑክና ለኮሆ ሳልመን የሚጎተቱ ናቸው። ኮካኒ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ኢንች ነው፤ አፉም ስስ ነው፣ በቀላሉ ይቀደዳል። ስለዚህ ዘንጉ ልምጥ፣ ዶጀሩም ትንሽ ሊሆን ይገባል። ከ4 እስከ 6 ኢንች ይበቃችኋል። ሦስቱ ደግሞ ሽቦ ላይ የተደረደሩ የሚሽከረከሩ ቅጠሎች ነበሩ። ይህ ዓይነቱ መጥፎ አይደለም፤ ድሮም ዛሬም ይሠራል። ግን ከፊቱ ክሩን ከመጠማዘዝ የሚያድን እንደ መቅዘፊያ ያለ ቁራጭ ሊኖረው ይገባል። የኔዎቹ የላቸውም።

ሊደሩ ደግሞ የባሰ ነው። ሁሉም ላይ 30 ኢንች ያህል ርዝመት ያለው ለስላሳ ክር ታስሯል። ባለ 4 ኢንች ዶጀር የሚያመነጨው ግርፋት እስከዚያ ድረስ አይደርስም፤ መንገድ ላይ ይሞታል። አጥማጆች የሚሄዱበት ልማድ የሊደሩን ርዝመት ከዶጀሩ ርዝመት ሁለት ሦስት እጥፍ ማድረግ ነው። ሁቺ ማለትም ያቺ የላስቲክ ስኩዊድ የራሷ እንቅስቃሴ ስለሌላት ከ8 እስከ 12 ኢንች ባለ አጭር ሊደር ላይ ትታሰራለች። ራሱ የሚሽከረከር ስፒነር ከሆነ ትንሽ ረዘም ቢልም ግድ የለም። ክሩ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ደንደን ያለ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ግርፋቱን እስከ መንጠቆው ያደርሳል። ዓሣው እየተከተለ የማይነክስ ከመሰላችሁ በመጀመሪያ ሊደሩን አሳጥሩት። ቀለም ከመቀየር በፊት ይህን ሞክሩ።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ እሱ ነው፤ ሳጥን ውስጥ የሚታየው ቀለም ነዋ። ሮዝና ብርቱካናማ ኮካኒ ይወዳቸዋል፣ እውነት ነው። ቀይ ቀለም ግን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይደበዝዛል። ቀለም ከውዝዋዜ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ፍጥነትን ግን ልብ በሉ። በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ማይል ነው። ይህ ከታቦት ኋላ በዝግታ እንደሚሄድ ሰው እርምጃ ማለት ነው። ጀልባውን ቀጥ አድርጋችሁ ብቻ አትንዱ፤ እንደ እባብ ጠመዝመዝ በሉ። ስትዞሩ ውጪ ያለው ዘንግ ይፈጥናል፣ ውስጥ ያለው ይዘገያል። የተነከሰው ውጪኛው ከሆነ ፍጥነት ጨምሩ። ውስጠኛው ከሆነ ቀንሱ፣ ወይም ዶጀሩን ትንሽ ጎበጥ አድርጉት። ዓሣው ራሱ የሚፈልገውን ይነግራችኋል።

እንግዲህ ከማንም ብትገዙ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ዶጀሩን በጎን በኩል በዓይናችሁ ትይዩ አንሱት፤ ጫፎቹ ላይ ግልጽ ጉብጠት ይኑረው። በጣት ትንሽ ጫን ስትሉት የሰጣችሁትን ቅርጽ መያዝ አለበት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሂዱ። ስዊቭሉን ክር አስራችሁ አንጠልጥሉት፣ በጣታችሁ አሽከርክሩት። ባለ ኩሽኔት የሆነው ሳይንገራገጭ ይዞራል። ትንንሾቹን የብረት ቀለበቶች በጥፍራችሁ ግፏቸው፤ በቀላሉ ከተከፈቱ ዓሣ ይዘው አይገቡም። በአምስተኛው ቅዳሜ የነከሰልኝ ብቸኛ ኮካኒ ያመለጠኝ በዚህ ነው። ጀልባው ጎን ደርሶ፣ ብርማ ሆዱን አይቼው፣ ቀለበቱ ተከፍቶ ሄደ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ውሃ ውስጥ ማየት ነው። ጀልባ አያስፈልጋችሁም። የመናፈሻ ወደብ ላይ ሁለት ሜትር ክር አስራችሁ ቀስ እያላችሁ ጎትቱት። ከወዛወዘ ግዙ። ከተሽከረከረ ወይም እንደ እንጨት ከተንሳፈፈ ተዉት። ለጀማሪ ሦስት ጥሩ ዶጀር ይበቃዋል። በ160 ዶላር ሦስት ጥሩ ዶጀር፣ ጥሩ ስዊቭል፣ ክርና ሁቺ ገዝታችሁ የሚተርፍ ብር አለ።

ሰውየውን ደውዬ ነገርኩት። መጀመሪያ «አጥፈኸዋል» አለኝ። ያልተነኩትን 20 ልመልስልህ ስለው «እናያለን» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። በዜል የከፈለ ሰው ብሩን በፈቃዱ እንደላከ ነው የሚቆጠረው፤ ለገዛችሁት ዕቃ ዋስትና የለውም። በክሬዲት ካርድ ብትከፍሉ ግን ካርዱን በሰጣችሁ ባንክ በኩል ክርክር ማንሳት ትችላላችሁ። የፌዴራል ሕጉ ለሂሳብ ክርክር የሚሰጠው ጊዜ መግለጫው ከተላከበት 60 ቀን ስለሆነ አትዘግዩ። የዋሽንግተን ግዛት ዐቃቤ ሕግ ቢሮም የሸማቾችን አቤቱታ ይቀበላል። እኔ አመልክቻለሁ። እናንተም የገዛችሁ ካላችሁ አመልክቱ፤ መልእክቶቹንና ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከብሩም የከፋ ነውና። ማስታወቂያው ላይ «ሳማሚሽ ሐይቅ ላይ የተሞከረ» የሚል ተጽፏል፤ ዓሣ የያዘ ሰው ፎቶም አለበት። ሌክ ሳማሚሽ ላይ ኮካኒ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። እዚያ ያለው የሐይቁ የራሱ ዘር ነው፤ ቁጥሩ ስለተመናመነ ለማዳን ብዙ ሰው እየደከመለት ነው። ማስታወቂያውን አምኖ እዚያ ሄዶ አጥምዶ የሚመለስ ወንድማችን ቅጣት ሊጠብቀው ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት የምትሄዱበትን ሐይቅ ደንብ ከግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አንብቡ። ፈቃድም ያዙ።

ሰኔ ላይ በሦስት ደህና ዶጀር አራት ኮካኒ ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ አንዱን ዱለት ሠራችው፤ ሥጋው ቀይ ነው፣ ሚጥሚጣውና ቅቤው ሲያገኘው ልዩ ነው።

ያንን ሳጥን የገዛችሁ አትጣሉት። ወፈር ያሉ ሁለት ሦስት ቁርጥራጮች አሉት፤ ሊደሩን አሳጥረን፣ ስዊቭሉንና ቀለበቱን ቀይረን ልናድናቸው እንችላለን። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ ከማውረዴ በፊት ሌክ ስቲቨንስ ወደቡ ላይ ነኝ። ይዛችሁ ኑ፤ ውሃ ውስጥ አብረን እናያቸዋለን።