የቆየ የስዊስ ሰዓት ስትገዙ፦ ባለ ቀን መቁጠሪያ፣ ክሮኖግራፍ ወይስ ጂኤምቲ?

ከጠዋቱ 1፡30 ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ጋቢዬን እንደ ተከናነብኩ፣ በቅርቡ የገዛሁትን አሮጌ ሰዓት ቀን ላስተካክል ብዬ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በእስክሪብቶ ጫፍ ተጫንኳት። እምቢ አለች። ጠበቅ አድርጌ ደገምኩ፤ ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ 17 ላይ ቀረ። ሰዓት ሠሪው የጀርባ ክዳኑን ከፍቶ ብዙ ካየ በኋላ በወረንጦ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥርስ አውጥቶ ነጭ ወረቀት ላይ አኖረልኝ። «ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት አይነካም እኮ» አለኝ።

ልክ ነው። የአብዛኞቹ የድሮ ባለ ቀን ሰዓቶች ማሽን፣ የሰዓቱ ዘንግ ከ9 እስከ 3 ባለው ክልል ሲያልፍ ቀኑን ለመለወጥ ጥርስ ለጥርስ ይያያዛል። ለስዊሱ ይህ እኩለ ሌሊት ነው፤ ተኝቶ ያልፈዋል። እኛ ግን ሰዓታችንን በአገራችን አቆጣጠር ስለምናስተካክል 12 ቁጥር ንጋት ላይ ይውላል። ቀኑ ከጎህ ጋር መለወጡ ደስ ይላል፤ አደገኛው ክልል ግን ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3፣ ለባብሰን የምንወጣበት ጊዜ ይሆናል ማለት ነው። ቀን ከማስተካከላችሁ በፊት ዘንጎቹን ወደ 6 አዙሩ። ደግሞም ቀኑ በንጋቱ 12 እንጂ በምሽቱ 12 እንዳይለወጥ አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ሐሙስ ማታ እራት ሳትበሉ ሰዓታችሁ ዓርብ ይላችኋል።

ከሰዓትና ከደቂቃ ሌላ ሥራ የሚሠራ አሮጌ ሰዓት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ስሙና ስለ ወርቁ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ተጨማሪ ሥራው ከእኛ ቀንና ሰዓት ጋር ይስማማል ወይ ብዬ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለ ቀን መቁጠሪያዎቹ ሲያዩአቸው ያማልላሉ። በ1944 የወጣው የዩኒቨርሳል ጄኔቭ ትሪ ኮምፓክስ ቀን፣ ወር፣ የጨረቃ መልክና ክሮኖግራፍ (የሩጫ ጊዜ መለኪያ) በአንድ ፊት ላይ ይዟል። ችግሩ ወሩ የፈረንጅ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ቀን ልጠቀምበት ካላችሁ የወሩ መስኮት ሥራ ይፈታል፤ ወራችን ሁልጊዜ 30 ስለሆነ በየወሩ መጨረሻ 31ን መዝለል፣ ጳጉሜ ላይ ደግሞ ከ5 ወይም ከ6 ወደ 1 መንዳት አለባችሁ። ያለ ጭቅጭቅ የሚያገለግለው ጨረቃው ብቻ ነው። ጨረቃ የፈረንጅም የሐበሻም አይደለችምና፣ 59 ጥርስ ያለው ሳህን ሁለት ጨረቃ ተሸክሞ ይዞራል፤ አንድ ቀን ለመሳት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል።

በ1956 የወጣው ሮሌክስ ዴይ ዴት ቀኑን በሙሉ ስሙ የሚጽፍ ነው፤ በአማርኛ ሰኞ ማክሰኞ የሚልም አለ። እንዲህ ያለውን ስታገኙ የልብ ምታችሁ እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ የቀኑ ሳህን ግን የሚቀየር ነገር ስለሆነ አማርኛ መሆኑ ብቻውን ሰዓቱ ከጥንት እንዲህ ነበር አያሰኝም። 1803 የተባለው ዓይነት ቀኑን በፍጥነት መለወጫ የለውም፤ ዘንጎቹን እያዞሩ ማድረስ ነው። በየወሩ 31ን ለሚዘልል ሰው ከ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው፣ ቀኑን በፍጥነት የሚለውጠው 18038 ይሻለዋል።

የፈረንጁን ወሮች ርዝመት ራሱ የሚያውቀውን ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያ ባጭሩ ልለፈው። ፌብሩዋሪን ከነሠግር ዓመቱ ያውቃል፤ ጳጉሜን አያውቅም። ከዚሁ ዓይነት የሆነው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፓቴክ ፊሊፕ፣ ሞዴል 2497፣ በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ቀርቦ በባለቤትነት ክርክር ከተነሣ በኋላ በ2017 ተሸጧል። ለታሪኩ ካልሆነ በቀር ለእኛ ኪስም ለእኛ ቀንም የተሠራ አይደለም።

ጂኤምቲ፣ የሌላ አገርን ሰዓት ጨምሮ የሚያሳየው፣ ዘመድ ውጭ ላለው ሰው ነው። ሮሌክስ በ1950ዎቹ ለአሜሪካው አየር መንገድ ለፓን አም አብራሪዎች ያዘጋጀው ጂኤምቲ ማስተር፣ በተለይ 1675 የተባለው ዓይነት፣ አራተኛ ዘንጉ በ24 ሰዓት አንድ ዙር ይዞራል፤ በዙሪያው ያለው ቀለበትም ይሽከረከራል። ዋናዎቹን ዘንጎች በሐበሻ ሰዓት አስተካክሉና፣ ንጋት 12 ሲሆን አራተኛው ዘንግ ከላይ እንዲያመለክት አድርጋችሁ ቀለበቱን ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙሩት፤ ዘንጉ 6ን ያነብላችኋል። ከዚያ ወዲያ የፈረንጁን ሰዓት መቀነስና መደመር አያስፈልግም። ሰማያዊና ቀይ ቀለበት ያለው ከሆነ ደግሞ ቀዩ የሚጀምረው ልክ ሲነጋ ነው፤ ለእኛ ተብሎ የተሠራ ያስመስለዋል።

የእኔ ምርጫ ግን ክሮኖግራፍ ነው። የሩጫ ሰዓት የማንንም ቀን አይጠይቅም። የእህቴ ልጅ ማለዳ ሲሮጥ ላይኛውን ቁልፍ እጫናለሁ፤ ሲመለስ እደግመዋለሁ፤ በቃ። ከኦሜጋ ስፒድማስተር ሁለት ዓይነት ማሽን ታገኛላችሁ። በ1969 ጨረቃ ላይ የነበረው 321 ሲሆን፣ ቁልፉ ሲጫኑት ቅቤ እንደ መቁረጥ ይለሰልሳል፤ ዋጋውም ያንኑ ያህል ይነድዳል። እሱን የተካው 861 ሲጫኑት ጠንከር ይላል፤ በሰዓት 18,000 ሳይሆን 21,600 ጊዜ ይመታል፤ ወራሹ 1861 እስከ ቅርብ ዓመታት ስለ ተሠራ መለዋወጫ ማግኘት ይቀላል። እኔ 861ን እመርጣለሁ፤ የዋጋውን ልዩነት ለማሽኑ ማጽጃና ዘይት አስቀምጡት። ስትገዙ የሰኮንዱ ዘንግ ሲመለስ ልክ 12 ላይ ማረፉን፣ ቀፎው ጠርዙ እስኪሟሽሽ አለመሞረዱን፣ ፊቱ እንደገና አለመቀባቱን እዩ።

አንድ ፈተና ግን ከሻጩ ሱቅ አይገኝም። ሰዓቱን አድርጋችሁ ሸዋ ሮቢት ውረዱ፤ ሙቀቱን አጥግቡትና በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር ተመለሱ። ጉሙና ብርዱ ሲያገኛችሁ መስታወቱን እዩት። ከውስጥ በኩል ቀጭን የጤዛ ቀለበት ከሠራ የጎማ ማሸጊያው ደርቋል፤ ውሃው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ያስለውጡት።