ለጳጉሜን ሙሉ ገጽ የሰጠ ካላንደር

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አምስት ኪሎ ቅድስት ማርያም አካባቢ ካሉት የንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች ካንዱ ገብቼ የ2018ን የግድግዳ ካላንደር ገዛሁ። 350 ብር። ውድ ነው። ባንኩም ድርጅቱም በነፃ በሚያድልበት ከተማ ለካላንደር ይህን ያህል ማውጣት ይከብዳል፤ እኔም እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ትንሽ ቆሜያለሁ። አሁን ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀለ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ብሬ አልቆጨኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ያልተመቸኝንም ጭምር።

ስትፈልጉት እንዳትሳሳቱ፣ ሽፋኑ ላይ ቅዱስ ማርቆስ ከአንበሳው ጋር ተስሏል። ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነዋ። ከሽፋኑ ሌላ 14 ቅጠል አለው፤ አንዱ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማስሊያው የባሕረ ሐሳብ፣ አሥራ ሦስቱ የወራቱ።

አምና የተጠቀምኩት በነፃ የተሰጠኝን ነበር፤ ከየት እንደሆነ ይቅር። ሥዕሉ ያምራል፣ ወረቀቱም ጥሩ ነው፣ ግን የጾምና የበዓል ነገር የሚገባው ሰው አላየውም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም የታወቀ ነው፤ እሱ ግን በዓለ ኀምሳን ሳይለይ ረቡዕና ዓርቡን ሁሉ የጾም ቀለም ቀብቶታል። ጳጉሜንንማ ከነሐሴ ገጽ ግርጌ፣ ጥግ ላይ፣ አምስት ሚጢጢ ሳጥን አድርጎ ወሽቋታል። አንዲት ቃል እንኳን አይጻፍባትም።

ስለዚህ ዘንድሮ ጠይቄ ለመግዛት ወሰንኩ። ሻጩ ሸምገል ያሉ አባት ናቸው። "አባቴ፣ የዚህኛው በዓላት ልክ ናቸው?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ካላንደር ስትገዢ መጀመሪያ ጾመ ነነዌን እዪ። እሷ ልክ ከሆነች ሌላው ተከትሏት ይመጣል" አሉኝ። የጥርን ገጽ ገልጠው 25 ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያ እስክሪፕቶ አነሱና ካርቶን ቁራጭ ላይ ያሰሉልኝ ጀመር። የዘንድሮ መጥቅዕ፣ ማለትም ስሌቱ የሚነሳበት የዓመቱ ቁጥር፣ 18 ነው። ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 ደግሞ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7። 18 እና 7፣ 25። ድምሩ 30 ስላላለፈ ነነዌ ጥር 25፣ ሰኞ። ከዚያ 14 ቀን ስትቆጥሩ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፣ ከዚያው ከነነዌ 69 ቀን ስትቆጥሩ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይሆናል። የሚያዝያን ገጽ ገለጥነው። 4 ላይ በቀይ "ትንሣኤ" ይላል። ካርቶኗን ለምኜ ወሰድኳት፤ አሁን ካላንደሩ ጀርባ ላይ ተለጥፋለች።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፋሲካ መቼ ነው ብዬ ሰው ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስሌቱ ሊቃውንት ቤት ብቻ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቅጠል ግን በቀላል አማርኛ አስቀምጦታል፦ 5500 እና 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ ያለው ዘመን) 7518፣ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ከአራቱ ወንጌላውያን ሁለተኛው ደግሞ ማርቆስ ነው። ቀጥሎ መጥቅዕ የሚገኝባቸው ቁጥሮች አሉ፦ ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ ከዚያ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑም ከሥር ጽፏል። ከእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ከቅዱስ ድሜጥሮስ ስም ጋር ተያይዞ የመጣውን ይህን ሁሉ ቁጥር ሽሮ እያማሰልኩ ቀና ብዬ ማንበብ መቻሌ ደስ ይለኛል። በእውነት ደስ ይለኛል።

የመስከረም 1 ለት አራዳ ጊዮርጊስ ነበርኩ። ከቅዳሴ በኋላ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ሲነገሩ ይህን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ይዤ ስለነበር አብሬ ተከታተልኩ። አንድም የተዛነፈ የለም። ካላንደር የሚፈተነው እዚያ ነው።

ለቤት ሥራም ይረዳል። እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ፣ ማግስቱ ዓርብ ጾም ነው፤ የተረፈው ወጥ ቅዳሜን ሊጠብቅ ነው ማለት ነው። ይህንን አስቀድሜ ስላየሁ አንድ ዶሮ ብቻ ገዛሁ። ዘንድሮ የሰኔ ጾምም ረዘም ይላል፤ ግንቦት 24 ገብቶ እስከ ሐምሌ 4፣ 41 ቀን። የጾሙ ቀናት በሐምራዊ ነጥብ ስለተለዩ ከሩቅም ይታያሉ። በጣም የወደድኩት ሳጥን መጋቢት 27 ነው። ዘንድሮ ሆሳዕና ከመድኃኔዓለም ዓመታዊ በዓል ጋር አንድ ቀን ላይ ገጥሟል፤ ያቺን ትንሽ ቦታ ሳያጨናንቅ አንዱን ከላይ በቀይ፣ አንዱን ከሥር አድርጎ ሁለቱንም አስገብቷቸዋል። ወርኃዊ በዓላቱም አልተዘለሉም፤ ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል እያለ እስከ በዓለ ወልድ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጳጉሜን። ይህን ካላንደር የገዛሁት በሷ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይደለም። ሙሉ ገጽ ተሰጥቷታል። አምስት ትልልቅ ሳጥን፣ ሦስተኛው ላይ ቅዱስ ሩፋኤል፣ ከሥር ባዶ መስመሮች። ከላይ የበለስ ዛፍና አንድ መቆፈሪያ የያዘ ሰው ተስሏል። ሉቃስ 13 ላይ ያለው ነው፤ ሦስት ዓመት ፍሬ ያጣባትን በለስ ጌታዋ ቁረጣት ሲል፣ አትክልተኛው ዘንድሮን ተዋት፣ ዙሪያዋን ልኮትኩትላትና ፍግ ላድርግባት ብሎ የለመነላት። መምህራን በዘመን መለወጫ ሁሌ ያስተምሩበታል፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከባዶ መስመሮች በላይ ተስሎ ሳየው ግን "ዘንድሮ" የምትለዋ ቃል ለኔ የተባለች መሰለኝ።

እኔ በየዓመቱ በጳጉሜን አንድ ነገር አደርጋለሁ። ያለቀውን ካላንደር አውርጄ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋና ከመስከረም ጀምሮ የጻፍኩበትን አነባለሁ። ምን ተሳልኩ፣ ምን አደረስኩ፣ የትኛውን ጾም አፈረስኩ፣ ማንን አስቀየምኩ። ለንስሐ አባቴ የምነግረውን ከዚያ ላይ ነው የምለቅመው፤ ጭንቅላቴ ይረሳል፣ ወረቀቱ አይረሳም። ዘንድሮም ከበዓሉ በፊት እንዲሁ ተቀመጥኩ። ኅዳር 12 ላይ በራሴ እጅ "ወንድሜ ጋ ደውዪ" ይላል። ከወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ኪራይ የተነሳ ተቀያይመን ነበር። እሱ የሚካኤል ዝክር ስላለው በዓሉን አስታክኬ ልደውልለት አስቤ ነው የጻፍኩት። አልደወልኩም። ከጎኑ ቀስት አለ፣ ወደ ታኅሣሥ 12። ታኅሣሥ ላይ ሌላ ቀስት፣ ወደ ጥር። እንዲህ እያለ ነሐሴ ደረሰ፤ ቆጠርኩት፣ ዘጠኝ ቀስት። በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ አንዳንዱ በእርሳስ፣ የሐምሌው እንዲያውም በልጄ ከለር።

ከዚያ ጳጉሜንን አየሁ። ጳጉሜን ውስጥ 12 የለም። ቀስቱን የማሻግርበት ወር አለቀብኝ።

ጳጉሜን 2 እሑድ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። አላነሳም። ማታ እሱ መልሶ ደወለ፤ "እህት ዓለም" አለኝ፣ እንደ ድሮው። ስለ ቤቱ አላወራንም። ስለ እናታችን ጉልበት አወራን፣ ስለ ልጆች አወራን፣ ይቅር በለኝ አልኩት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አለ። በማግስቱ የሩፋኤል ለት የግቢው ልጆች ዝናብ ጠብቀው ሊጠመቁ ልብሳቸውን አውልቀው ደጅ ቆመው ሲጮሁ እያየሁ ስንት ወር የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ እንደወረደ ተሰማኝ። ለዚህ ነው ለጳጉሜን ገጽ ያለው ካላንደር ስፈልግ የነበረው። እንደ አምናው ጥግ ላይ ከተወሸቀች ሰው ሳያያት ዓመቱ ይሻገራል።

ጉድለቱን ልናገር። ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ ዓይነት ነው፣ እስክሪፕቶ ቶሎ አይደርቅበትም። መስከረም 3 ላይ የጻፍኩትን በክንዴ ጠርጌ አበላሸሁት፤ አሁን በእርሳስ ነው የምጽፈው። ሰው እንዲጽፍበት መስመር ያሰመረ አሳታሚ ደብዘዝ ያለ ወረቀት ቢመርጥ ኖሮ ሌላ እንከን አላወጣለትም ነበር። የፈረንጁ ቀን በጣም ደቃቅ ነው፤ መሥሪያ ቤት ለሚሰቅል ሰው ያስቸግራል፣ ለቤት ግን ችግር የለውም። የየዕለቱ ግጻዌ፣ ማለትም የቅዳሴ ምንባብ ዝርዝር፣ የለውም፣ የእሑዶቹ ብቻ ነው ያለው፤ በየቀኑ ምንባቡን ለምትከታተሉ አይበቃችሁም። የመስቀያዋ ሽቦም ልል ናት፣ እኔ በክር ቀይሬያታለሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ሄጄ አንድ ጨምሬ ገዝቻለሁ፣ ለወንድሜ። ለመስቀል እንመጣለን ብሏል፣ ከነልጆቹ። መስቀል ቅዳሜ ነው። ስሄድ መደርደሪያው ላይ ብዙ አልቀረም ነበር። ከገዛችሁ አጥፈው እንዳይሰጧችሁ፣ ጠቅልለው በላስቲክ አስረው ይስጧችሁ፤ የኔ የመጀመሪያው ታጥፎ ስለነበር እጥፋቱ እስካሁን መሐል ለመሐል ይታያል።