ቫልቭ ሊገዛ የመጣን ሰው ባዶ እጁን የሚመልስ ሱቅ፣ ቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የቧንቧ እቃ መሸጫ ሞልቷል። እኔ ደንበኛ የሆንኩት ግን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለችው አንዷ ትንሽ ሱቅ ጋ ነው። ባለቤቱ እቃ ከመደርደሪያ ከማውረዳቸው በፊት "የሚያፈሰው በየት በኩል ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ይቺ ጥያቄ ብዙ ብር ታድናለች።

ለእኛ ሰፈር ቦል ቫልቭ (ውስጡ ባለች ቀዳዳ ያላት ኳስ ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋ መዝጊያ) ቀላል ነገር አይደለም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከቆጣሪ ወደ ታንከር፣ ከታንከር ወደ ቤት በየመስመሩ መዝጊያ አለ፤ አንዱ ከተበላሸ ያጠራቀምከው ውሃ ሲፈስ ያድራል።

መጀመሪያ የሄድኩት የታንከሩ ቫልቭ እጀታው ስር ጠብ ጠብ ሲልብኝ አዲስ ልገዛ ነበር። ፎቶውን አይተው "ልጄ፣ ይሄ ጤነኛ ነው፤ እጀታውን ፍታና ከስሩ ያለችውን ዳዶ ትንሽ አጥብቃት" አሉኝ። ምንም ሳይሸጡልኝ። ሩብ ዙር እንኳን ሳይሞላ ቆመ። እጀታውን ከኳሷ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ዙሪያውን የሚያሽገው ቴፍሎን በጊዜ ብዛት ይላላል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከልክ በላይ ካጠበቅከው ግን እጀታው አልዞር ይላል። ያቺን ዳዶ ደግሞ መስመሩ ውስጥ ውሃ እያለ ፈጽሞ አትፍታ፣ አደገኛ ነው።

ተዘግቶም ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የጠፋ ውሃ ሲመለስ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ያ ደግሞ ኳሷና መቀመጫዋ (ዙሪያዋን የሚያሽገው ቀለበት) መሃል ይገባል። ውሃው እየሄደ ደጋግሞ ከፈት ዘጋ ማድረግ አንዳንዴ ያጥበዋል። ካላቆመ መቀመጫው ተጭሯል ማለት ነው፣ ያኔ መቀየር ነው። ውሃ ለመቀነስ ብሎ እጀታውን ግማሽ ላይ መተውም መቀመጫውን ይበላዋል። ቦል ቫልቭ የተሰራው ሙሉ በሙሉ ለመክፈት ወይም ሙሉ በሙሉ ለመዝጋት ነው፤ እጀታው ከቧንቧው ጋር አንድ መስመር ሲሆን ክፍት፣ ሲያቋርጠው ዝግ።

አልዞር ያለውን በብረት ቱቦ እያራዘሙ ማስገደድ የብዙ ሰው ልማድ ነው። እባካችሁ ተዉት። ዘንጉ ይሰበራል፣ ከዚያ ክፍትም ይሁን ዝግ ባለበት ይቀራል። በየጥቂት ወሩ አንዴ መለስ ቀለስ ቢደረግ እኮ አይጣበቅም ነበር።

እቃቸው ጥሩ ነው። ከባዱን ብራስና ከላይ ኒኬል የተቀባውን ቀላል ቅይጥ ሁለቱንም እጅህ ላይ ያስቀምጡልሃል፣ ልዩነቱን ራስህ ትመዝናለህ። ብራሱ ወደድ ይላል፣ ግን ለታንከር መስመር እሱን ነው የምመክረው። 1/2 እና 3/4 ኢንች ሁሌም አላቸው። ከ1 ኢንች በላይ ብዙ ጊዜ ስለማይኖር ለዚያ መርካቶ መውረድ ግድ ነው፣ ይሄ ነው ቅር የሚለኝ።

እሁድ ዝግ ናቸው። ስትሄዱ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፣ እጀታውም ከቧንቧው ጋር የሚገጥምበት ጥርሱም ይታይ፤ ፍሳሹ ከጥርሱ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ቫልቭ ሳይሆን አንድ ጥቅል ቴፍሎን ሊሆን ይችላል።