የዲሲ ዲኤምቪ በአማርኛ፦ ፈተናው ይቀላል፣ ወረቀቱ ያደክማል

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውና መኪና የሚመዘግበው ቢሮ ዲኤምቪ ይባላል፤ እዚህ የምንገመግመው የአማርኛ አገልግሎቱን ነው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት አሜሪካዊ ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ የጽሑፍ ፈተናውንም በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ይህን ከተማው ውስጥ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል። ሰው የሚቸገረው ከዚያ በኋላ ባለው ነው፤ አማርኛው የት ድረስ እንደሚያገለግል፣ ከየት ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝኛ የግድ እንደሚሆን የሚነግረው የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አማርኛው የመጣው በ2004 ከወጣው የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መስኮት ላይ የቀረበ ባለጉዳይ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ አስተርጓሚው የሚገባው በስልክ ነው። አገልግሎቱ ጥሩ ነው፣ ግን ካልጠየቁት አይመጣም። ሠራተኛው በእንግሊዝኛ ሲጀምር አንገት እየነቀነቁ መቀጠል ትልቁ ስህተት ነው። «አማርኛ» ብሎ መቆም ይበቃል። ልጅን ይዞ ሄዶ ማስተርጎም የተለመደ ቢሆንም አይመከርም፤ ልጁ የቅጹን ቃል ባያውቀው የሚፈርሙት እናትና አባት ናቸው። አስተርጓሚ ከተከለከሉ አቤቱታውን የሚቀበለው የከተማው የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ነው።

የጽሑፍ ፈተናው 25 ጥያቄ ነው፤ ለማለፍ 20 መመለስ ያስፈልጋል። ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ነው። ሜሪላንድ ከ25ቱ 22 ትጠይቃለች፤ ቨርጂኒያ ደግሞ መጀመሪያ 10 የመንገድ ምልክቶችን ታቀርባለች፣ አንዱን እንኳ የሳተ ወደ ሁለተኛው ክፍል አይገባም። ዲሲ ላይ የሚወድቀው በብዛት ቋንቋ ያቃተው አይደለም፤ የሌላ ግዛት መጽሐፍ ያጠና ነው። የቨርጂኒያ ዘመድ የሰጠውን ደብተር የሸመደደ ሰው ከእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ 15 ጫማ ርቆ ማቆም እንዳለበት ይመልሳል፤ የዲሲ ልክ ግን 10 ጫማ ነው። ሰፈር ውስጥ ምልክት በሌለበት መንገድም የዲሲ የፍጥነት ጣሪያ ከ2020 ወዲህ በሰዓት 20 ማይል እንጂ 25 አይደለም። በሜትርና በኪሎ ሜትር ያደገ ሰው ቁጥሮቹን ለመቀየር ባይሞክር ይሻለዋል፤ እንዳሉ በጫማና በማይል ይያዛቸው።

የመንገድ ፈተናው ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ፈታኙ ከጎን ተቀምጦ የሚያዘው በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ ረጅም ወሬ ባያስፈልግም የተወሰኑ ትዕዛዞችን ጆሮ ሳያመነታ መያዝ አለበት፦ ፑል ኦቨር (ዳር ይዘህ ቁም)፣ ቼንጅ ሌይንስ (መስመር ቀይር)፣ ቴክ ዘ ኔክስት ራይት (በሚቀጥለው መንገድ ወደ ቀኝ ታጠፍ)፣ ባክ አፕ (ወደ ኋላ ሂድ)፣ ፓራለል ፓርክ (ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ትይዩ አቁም)። «ራይት» ሲባል ቀኝ መሆኑን እያወቀ በድንጋጤ ግራ የሚታጠፍ ብዙ ነው። መድኃኒቱ የሚያለማምደው ሰው ቤተሰብም ቢሆን መኪና ውስጥ ሲሆኑ ትዕዛዙን በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። የመንገድ ፈተናው የሚሰጥበት ብሬንትዉድ ሲደርሱ ደግሞ መኪናው ራሱ ይፈተሻል፤ ምዝገባው፣ ኢንሹራንሱና ኢንስፔክሽኑ ያላለፈበት መሆን አለበት፣ አብሮ የሚመጣው ባለመንጃ ፈቃድም ከ21 ዓመት ማነስ የለበትም። አንድ የፍሬን መብራት ካልበራ ፈተናው ሳይጀመር ሊቀር ይችላል። ከቤት ሳይወጡ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ዲሲ ሁለት ዓይነት መንጃ ፈቃድ ይሰጣል። አንዱ የፌዴራሉን የመታወቂያ መስፈርት የሚያሟላው ሪል አይዲ ነው፤ ለዜጋ፣ ለግሪን ካርድ ባለቤት፣ ለጥገኝነት ጠያቂም ሆነ ሕጋዊ ጊዜያዊ ፈቃድ ላለው። ከግንቦት 7 ቀን 2025 ጀምሮ ከሁለቱ ካርዶች ለአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ይኸው ነው። ፈቃዱ ጊዜያዊ የሆነ ሰው ካርዱ የሚያበቃው የስደት ወረቀቱ ሲያበቃ ነው፤ ዜጋ 8 ዓመት ሲያገኝ እሱ ጥቂት ወራት ሊሰጠው ይችላል፣ ስለዚህ ወርክ ፐርሚቱን አሳድሶ መሄድ ያዋጣል። ሁለተኛው፣ የመኖሪያ ወረቀት ለሌለው ሰው በ2014 የተጀመረው ካርድ ነው፤ መንዳት ያስችላል፣ ለፌዴራል ጉዳይ ግን አያገለግልም፣ ይህም ካርዱ ላይ ተጽፏል። ሜሪላንድም ከ2014፣ ቨርጂኒያም ከ2021 ጀምሮ ተመሳሳይ ካርድ አላቸው፤ ሆኖም ሁለቱም የግዛታቸውን ግብር ማስታወቅን ይጠይቃሉ።

ሐበሻን ከሁሉ በላይ የሚያመላልሰው ስም ነው። ቢሮው የባለጉዳዩን ሕጋዊ ሁኔታ ሴቭ በሚባለው የፌዴራል ሥርዓት ያጣራል። መረጃው ከተገጣጠመ መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ካልተገጣጠመ ጉዳዩ ወደ ሰው እጅ ይሄድና ቀናት ይፈጃል። የኛ ስም ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም «ቤተሰብ» ሆኖ ሲገባ፣ አይ-94 (ወደ አገር ሲገቡ የሚያዘው የመግቢያ መዝገብ) ላይ የአባት ሲገባ፣ ሶሻል ካርዱ ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ሲጻፉ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ይመስላል። መስኮት ላይ ከመቆም በፊት ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው። ስህተቱ ሶሻል ካርዱ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ ማስተካከል፣ አይ-94 ላይ ከሆነ የድንበር ጥበቃውን ክፍል ማሳረም ያስፈልጋል። ዲኤምቪ የሌላውን መሥሪያ ቤት ስህተት አያርምም፤ ቢለምኑትም።

የአድራሻ ማስረጃ ሁለት ነው። የመብራት፣ የውኃ፣ የስልክ ቢል ወይም የባንክ ወረቀት ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ የወጣ መሆን አለበት። ዘመድ ቤት የሚኖር ቢሉ በስሙ ስለማይመጣ፣ የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራይ የሚፈርምበትን የነዋሪነት ማረጋገጫ ቅጽ ከፈራሚው መታወቂያ ግልባጭ ጋር ይያዝ።

ከዚህ ሁሉ አደገኛው ግን ማንም የማያስፈራራበት ነገር ነው፤ የመራጭነት ጥያቄ። ከ1993ቱ የፌዴራል ሕግ ወዲህ የመንጃ ፈቃድ ማመልከቻ ሰውን ለምርጫ የመመዝገቢያ መንገድም ሆኗል። እንግሊዝኛውን በወጉ ያላነበበ ሰው ሁሉም ሳጥን መሞላት ያለበት ይመስለውና «ዜጋ ነህ?» ለሚለው «አዎ» ብሎ ይፈርማል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረሙ ከአገር ሊያስወጣ፣ በኋላም ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል። ዲሲ ላይ ግራ መጋባቱ ይብሳል፤ ከተማው በ2022 ባወጣው ሕግ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ለአካባቢ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቅዷልና «ለእኛም ተፈቅዷል» የሚለው ወሬ እውነትነት አለው። ሆኖም ያ ከከተማው ምርጫ ቦርድ ጋር በተለየ መንገድ የሚጨርሱት ጉዳይ ነው። ዲኤምቪ መስኮት ላይ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው መልሱ «አይደለሁም» ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ራሱ ሲሞላለትም ከመፈረሙ በፊት ያንን መስመር በአስተርጓሚ ያስነብብ። ቢሮው ይህን በአማርኛ በትልቁ ጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ኖሮ ግምገማችን ከዚህ የተሻለ በሆነ ነበር።

የመኪና ምዝገባው ላይ ቋንቋ ያን ያህል አያስቸግርም። ታይትሉ (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር መግጠሙን፣ ኢንሹራንሱ የዲሲ መሆኑን ማየት ነው። ታርጋው የሚያስከፍለው በመኪናው ክብደት ነው፤ ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ትልቅ መኪና በዓመት 500 ዶላር ይጠይቃል። ያልተከፈለ ትኬት ካለ ምዝገባው አይታደስም።

ለከባድ መኪና የሚያመለክት ሰው ከላይ የተባለውን አማርኛ ይርሳው። የፌዴራሉ ደንብ የንግድ ሾፌር ከሰው ጋር በእንግሊዝኛ እንዲነጋገር፣ ምልክት እንዲያነብ፣ ለተቆጣጣሪ መልስ እንዲሰጥና መዝገብ እንዲሞላ ያዛል። ደንቡ የቆየ ቢሆንም ከሰኔ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ያላሟላ ሾፌር እዚያው መንገድ ላይ ከሥራ ይታገዳል። መጀመሪያ ቃለ መጠይቅ፣ ቀጥሎ የምልክቶች ፈተና ነው፤ የስልክ መተርጎሚያ አይፈቀድም። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ (ሲዲኤል) ፈተና ራሱም አፍ ይፈልጋል፤ ቅድመ ጉዞ ፍተሻው ላይ የመኪናውን ክፍሎች ስላክ አጀስተር፣ ፑሽ ሮድ፣ ኪንግ ፒን እያሉ በእጅ እያሳዩ በቃል መናገር፣ ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬን ተረግጦ ተሳቢ ያለው መኪና በ1 ደቂቃ ከ4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ አየር ማጣት እንደሌለበት መግለጽ ግዴታ ነው። ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ሾፌር ይህን ሳይናገር ቀርቶ ይወድቃል። ዜጋም የግሪን ካርድ ባለቤትም ያልሆነ ሰው ደግሞ ከመስከረም 2025 ጀምሮ ሲዲኤል ይሰጠው አይሰጠው በሚለው ላይ የፌዴራሉ ደንብና ፍርድ ቤቱ ሲሟገቱ ስለቆዩ፣ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የያዘው ወረቀት ለሲዲኤል ያበቃው እንደሆነ ከዲኤምቪ በጽሑፍ ይጠይቅ።