ቪቴስትን ከቱሉ ዲምቱ ሞከርኩት

ቢሮዬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የምግብ ጠረጴዛችን ናት። የታክሲ ሰልፉን ካየሁ በኋላ ከተማ መውረድ ትቻለሁ። ባለፈው ወር የሰፈራችንን እቁብ የምትመዘግበውን ትንሽ አፕ እያደስኩ አንድ ፓኬጅ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ወደ አዲሱ ቨርዥን ከፍ አደረግኩ። አፑ ይሠራል። ኮዱ በትክክል መሥራቱን ከሚፈትሹት 23 የቴስት ፋይሎች ግን 14ቱ ቀይ ሆኑ፣ ማለትም ወደቁ። "ካኖት ዩዝ ኢምፖርት ስቴትመንት አውትሳይድ ኤ ሞጁል" ይላል፤ ኢምፖርት ከሞጁል ውጭ አይሠራም ማለቱ ነው። የራሴ ኮድ ላይ አንዲት ፊደል አልነካሁም እኮ! ቴስቶቹን የማስኬደው ጄስት በሚባለው መሣሪያ ነበር፤ ያንኑ ሥራ ወደሚሠራው ወደ ቪቴስት የወሰደኝ ይህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃቫስክሪፕት ፋይል ከፋይል የሚያገናኝበት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ጋር የለመድነው፣ በሪኳየር የሚጠራው ኮመን ጄኤስ ነው። ሌላው በ2015 የቋንቋው ደረጃ ውስጥ የገባው፣ በኢምፖርት የሚጠራው ኢኤስኤም ነው። ዛሬ ብዙ ፓኬጆች ሁለተኛውን ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ዲ3 ከ7፣ ናኖ አይዲ ከ5 ጀምሮ እንደዚያ ናቸው። አፑን የሚያሽገው ቪት ሁለቱንም ስለሚቀበል ምንም አልመሰለውም። ጄስት ግን ካልነገሩት በስተቀር ሁሉንም እንደ ኮመን ጄኤስ ነው የሚያነበው። የኔን ኮድ ባቤል የሚባለው የኮድ መቀየሪያ ወደ ኮመን ጄኤስ ይቀይርለታል። የተጫኑ ፓኬጆች በሚቀመጡበት ኖድ ሞጁልስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ግን እንዳለ ያልፈዋል።

መጀመሪያ ጄስትን ለማባበል ሞከርኩ። ትራንስፎርም ኢግኖር ፓተርንስ በሚባለው ቦታ ፓኬጁን ከሚታለፉት አስወጣሁት። ለውጥ የለም። ለካ የባቤል ኮንፊጌ (ቅንብሩ) ስሙ በነጥብ የሚጀምረው ፋይል፣ ባቤል አርሲ ውስጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከራስህ ፕሮጀክት አልፎ ኖድ ሞጁልስ ውስጥ አይገባም። ይቺን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ካስተካከልኩት በኋላ ያ ፓኬጅ የሚጠራው ሌላ ፓኬጅ ወደቀ። ከዚያ ሌላ። እቁብ ይመስል ተራ በተራ ደረሳቸው። ወዲያው መብራት ጠፋ።

በዚህ መሃል የእቁባችን ሰብሳቢ ደወሉ። "ልጄ፣ መዝገቡ ተበላሸ እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነው እማማ። ቴስቱ ነው የወደቀው።"

"አይዞህ፣ ፈተና በድጋሚ ይወሰዳል።"

በማግስቱ በስልኬ ዳታ ቪቴስትን ጫንኩ። ቪትን ስለምጠቀም የነበረኝን ኮንፊግ ራሱ አነበበው። የቴስት ትእዛዞቹ ያለ ኢምፖርት እንዲሠሩ ግሎባልስን አበራሁ፣ "ጄስት" የሚለውን በ"ቪአይ" ተካሁ፣ አስነሳሁት። 19 ፋይሎች አለፉ። ኖድ ሞጁልስ ውስጥ ያለውን ለኖድ ለራሱ ስለሚተውለት፣ በትክክል የተሠራ ኢኤስኤም ፓኬጅ አያስቸግረውም። ስለ ፍጥነቱ ብዙ ይወራል፤ በኔ ፕሮጀክት መጠን ግን ለውጡ ያን ያህል አልታየኝም። እኔን የገዛኝ ያጠፋሁት ኮንፊግ ነው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የቀሩት አራቱ የወደቁበት ምክንያት ሁለት ነው። ሦስቱ ላይ ጥፋተኛው በግማሽ የተሠራ ፓኬጅ ነበር፦ ውስጥ ለውስጥ ሲጠራራ የፋይሉን ቅጥያ አይጽፍም። ቪት ይህን ዝም ብሎ ይሞላለታል፣ ኖድ ግን "አላገኘሁም" ብሎ ይቆማል። መፍትሔው ሰርቨር፣ ዴፕስ፣ ኢንላይን በሚለው ስር የፓኬጁን ስም መጻፍ ነው፤ ያኔ ቪቴስት ራሱ ያዘጋጀዋል። ችግሩ ኤረሩ ወደዚያ አይመራህም፤ ካላወቅህ ትንከራተታለህ። አራተኛው የኔው ነው። ሞክ ሳደርግ፣ ማለትም ለቴስቱ ብዬ እውነተኛውን ሞጁል በአስመሳይ ስተካ፣ ዲፎልት የሚለውን ቁልፍ በግልጽ መመለስ ነበረብኝ፤ ከጄስት ይዤው የመጣሁት ልማድ እዚህ አልሠራም።

አፑ በቪት የሚሠራ ሰው ሳያመነታ ይቀይር። በሪአክት ኔቲቭ የስልክ አፕ የምትሠሩ ባላችሁበት ብትቆዩ ይሻላችኋል። አንድ ፓኬጅ ብቻ ካስቸገራችሁም ለሱ ብሎ ቤት መቀየር አያስፈልግም፤ ያቺ ትራንስፎርም ኢግኖር ፓተርንስ የምትባለው የጄስት መስመር ትበቃለች፣ የባቤል ፋይላችሁን ግን አስቀድማችሁ እዩ።