የድሮ ላንድ ክሩዘር 40 የፊት ፍሬን፦ ታምቡሩን ማደስ ወይስ ዲስክ መግጠም?

የቀድሞዎቹ 40ዎች የፊት ፍሬናቸውም ታምቡር ነው፤ ሸራው (የሚፋተገው ክፍል) ከውስጥ ተገፍቶ የሚዞረውን ታምቡር ይይዛል። ዲስኩ (ሸራው ከሁለት ጎን ጨምቆ የሚይዘው የብረት ሳህን) የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከተፈታ ላንድ ክሩዘር 60 ነው።

ወጪ
ታምቡር፦ ሸራ፣ ሸራውን የሚገፋው ሲሊንደርና የቶርኖ (ታምቡሩን የሚያስተካክለው መቁረጫ ማሽን) ዋጋ። በእያንዳንዱ የፊት እግር ሁለት ሲሊንደር እንዳለ አይረሳ፤ አንዱን ብቻ መቀየር የድካም መጀመሪያ ነው።
ዲስክ፦ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው)፣ ዲስክ፣ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል)፣ ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮ (የዘይት መከላከያ ጎማ)። ውድ ነው።

ሥራው
ታምቡር፦ በየእግሩ ያሉት ሁለቱም የሸራ ማስተካከያዎች ለየብቻ ይጠበቃሉ፤ ጎማው እስኪያዝ አጥብቆ፣ በነፃ እስኪዞር መመለስ። ሳይመጣጠኑ ከቀሩ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ ጎን ይስባል። ታምቡሩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ስፋት በላይ ከተቆረጠ ይጣላል።
ዲስክ፦ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የታምቡሩ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው) በዘይቱ መስመር ላይ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖረው ይችላል። እሱ ካልወጣ ሸራው ዲስኩን አይለቅም፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ሞዞው ይግላል። የድሮው ቸርኬም (ጎማው የሚገባበት ብረት) ካሊፐሩን ሊነካ ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት ገጥሞ በእጅ ማዞር ያስፈልጋል።

ውሃና ቁልቁለት
ታምቡር፦ ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ለጊዜው አይዝም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወርድ በተደጋጋሚ ከተረገጠ ግሎ ይደክማል።
ዲስክ፦ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይበርዳል።

ለከተማና ለእሁድ መውጫ፣ ወይም እንደ ፋብሪካው እንዲቆይ ለሚፈለግ መኪና በደንብ የታደሰ ታምቡር ይበቃል። ትልቅ ጎማ ለገጠመ፣ ጭነት ይዞ ገደል ለሚወርድ ግን ዲስኩ ወጪውን ያወጣል።